ቋሚና ጊዜያዊ፦ ከአዳማ እስከ ይርጋለም የአምስት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

በ2016 የበጀት ዓመት መዝጊያ ላይ የደረሰን ማጠቃለያ፣ አዳማ ከተማ በመንግሥት ሼድ ውስጥ የሚሠራው የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ኢንተርፕራይዛችን ለ34 ሰዎች የሥራ ዕድል መፍጠሩን ይገልጻል። ወረቀቱ እጄ በገባበት ቀን ሼዱ ውስጥ የነበርነው ግን አምስታችንን መሥራቾች ጨምሮ 11 ሰዎች ነበርን። የዋሸ ሰው የለም። ሒሳብ ያዡም ሪፖርት አዘጋጁም እኔው ስለሆንሁ፣ በየሩብ ዓመቱ አዲስ የገባውን ሠራተኛ «ቋሚ» እና «ጊዜያዊ» በሚሉት ሁለት ዓምዶች፣ ወንድና ሴት ለይቼ፣ አንድም ሰው ሳልጨምር ቅጹን ሞልቼ ለሚደግፈን ጽሕፈት ቤት የላክሁት ራሴ ነኝ፤ ቅጹ የለቀቀ ሰው የሚጻፍበት ዓምድ የለውም።

ይህ ነገር ሲከነክነኝ ከረመ። በዚያ ላይ የሼዱ የአምስት ዓመት ውል ሊያልቅ ጥቂት ወራት ስለቀሩት፣ በመንግሥት ድጋፍ የተነሡ ሌሎች ድርጅቶች ሠራተኛቸውን ይዘው እንዴት እንደሚዘልቁ ለማየት እኔና ሸሪኬ ወደ ሐዋሳ ለመሄድ ወሰንን። ሸሪኬ በያጅ ነው፤ በሄደበት ሁሉ የብረት በር ሲያይ ጠጋ ብሎ ብየዳውን በአውራ ጣቱ ሳይዳስስ የማያልፍ በመሆኑ መንገዳችን ብዙ ጊዜ ተጓትቷል። ሐዋሳን የመረጥነው ስለ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ ስለሰማን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የሸሪኬ አክስት እዚያ ስለሚኖሩ የአልጋ ወጪ እንደማይኖርብን በማወቃችንም ጭምር ነው።

ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. — አዳማ፣ ባቱ፣ ሐዋሳ

ቀኑን የቆረጥነው ጾሙን ሳናሰላ ነበር። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ነነዌ፣ ዓርብም ጾም በመሆኑ፣ በዓሣዋ ወደታወቀች ከተማ ሄደን ዓሣ የምንቀምሰው ሐሙስ አንድ ቀን ብቻ ሆነ። ሸሪኬ መናኸሪያ ላይ «ዮናስን ዓሣ ዋጠው፤ እኛ ደግሞ ዓሣ ሳንውጥ ልንመለስ ነው» ብሎ ረዳቱን ሳይቀር አሳቀ።

በሚኒባስ ለአንድ ሰው 520 ብር ከፈልን። ከሞጆ እስከ ባቱ በአዲሱ ፈጣን መንገድ ስለሄድን፣ በድሮው መንገድ ከመስኮት እጃችንን አውጥተን የምንገዛውን የመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም በዚህ ጊዜ አላየነውም፤ መንገዱ ጊዜ ቢያተርፍም በዳር ቆመው ይሸጡ ለነበሩት ልጆች ምን እንዳስቀረላቸው አላውቅም። ከባቱ በኋላ ግን በአሮጌው መንገድ ቀጠልን፤ የቡልቡላን የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አልፈን ብዙም ሳንርቅ የኋላ ግራ ጎማችን ፈነዳ። ትርፍ ጎማው ሲወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ረዳቱ ጎማውን ይዞ በሌላ መኪና ወደ ኋላ ተመለሰ፤ እኛ ደግሞ ከአንዲት ግራር ሥር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተቀመጥን።

ይህን ያህል ያነሣሁት አጠገቤ በተቀመጠው ወጣት ምክንያት ነው። ሻሸመኔ ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እያዞረ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሐዋሳ ፓርክ ውስጥ ልብስ ማጠፍና ማሸግ ላይ ሠርቷል። ከወረዳው ተመልምሎ፣ ሠልጥኖ፣ ውል ፈርሞ ገብቶ በአራት ወሩ ወጣ። «ቋሚ ነበርኩ እኮ» አለኝ፤ አነጋገሩ ላይ ምሬት አልነበረም። ለምን እንደወጣ ስጠይቀው «ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከምግብ አያልፍም፤ ለቤተሰብ ስልክ ስደውል የምላቸው አጣሁ» ብሎ መለሰልኝ። ይህ ልጅ በወረዳውም፣ በፓርኩም፣ ምናልባትም ባሠለጠነው ተቋም ሪፖርት ውስጥ የሥራ ዕድል የተፈጠረለት ሆኖ ተቆጥሯል። ሻሸመኔ ላይ ለራሱ የፈጠረውን ሥራ ግን የቆጠረለት የለም።

ሐዋሳ የደረስነው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እትዬ (የሸሪኬን አክስት እኔም እንዲህ ነው የምጠራቸው) አቶቴ ካለው ቤታቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እሳቸው ፕሮቴስታንት ስለሆኑ የነነዌን ጾም አይጾሙም፤ ሆኖም ለእኛ ብለው ቅቤ ያልነካው ቆጮ በጎመን፣ ሽሮና በሎሚ የተለወሰ አቮካዶ አዘጋጅተው ነበር። ከአዳማ ነፋስና አቧራ ለመጣ ሰው የሐዋሳ ሰፊና ሜዳ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የተተከለው ዘንባባና ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ለስላሳ አየር ያስቀናል፤ በሁለቱም ከተሞች ባጃጅ እንደ ንብ ይርመሰመሳል፤ የሐዋሳዎቹ ግን ጡሩምባ የሚነፉት በስንት አንዴ ነው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4 — የፓርኩ በር

ዛሬ ፓርኩን ከውስጥ ለማየት አስበን ነበር፤ አልሆነም። ከአዳማ ይዘነው የመጣነው የትብብር ደብዳቤ ቁጥርና ቀን፣ የኃላፊው ቲተርና ፊርማ አለው፤ ክብ ማኅተም ግን የለውም። ሁለታችንም ሳናየው ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘናል። የበሩ ጥበቃ ወረቀቱን ገልብጦ አይቶ «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ማኅተም የለውም» አለኝና በትሕትና መለሰልኝ። ልቆጣው አልቻልሁም፤ እኔም ብሆን ማኅተም የሌለው ደረሰኝ አልቀበልም።

ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዲት ሴት ጀበና አቅርባ ቡና ትሸጣለች። ስኒው 20 ብር ነው፤ እኛ ሰፈር 25 ገብቷል። ጾም ቢሆንም ሸሪኬ ጥላው ስለጣመው ተቀመጠ፤ እኔም ተቀመጥሁ፤ ቡናውን ያዘዝነው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ያየነውና የሰማነው በደብዳቤ ገብተን ብንጎበኝ ከምናገኘው ሳይበልጥ አይቀርም።

ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ዘጠኝ ወር ብቻ በፈጀ ግንባታ የተጠናቀቀ መሆኑ ብዙ ተብሎለት ነበር። 52 ሼዶች አሉት፤ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር 60,000 ሠራተኞችን ይይዛል ተብሎ የታቀደ ሲሆን፣ የሚያስተዳድረውም የመንግሥት የልማት ድርጅት የሆነው የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ነው። ያ ቁጥር አልተደረሰበትም። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከቀዳሚዎቹ ባለሀብቶች አንዱ የሆነው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምታስገባበት ከአጎዋ ዕድል ተሰረዘች። ቡና የምትሸጠው ሴት ያን ጊዜ የምታስታውሰው በስኒ ብዛት ነው፤ «በቀን ሦስት ጀበና የነበረው አንድ ሆነብኝ» አለችን። ከዚያ በኋላ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያመርቱ ድርጅቶች መግባት ጀምረው ጀበናዋም ወደ ሁለት ተመልሷል። ይህቺ ሴት የማንም ድጋፍ ተጠቃሚ አይደለችም፤ ሆኖም ስለ ፓርኩ የሠራተኛ ብዛት ከእሷ የተሻለ መለኪያ ያለው ሰው በዚያ ቀን አላገኘሁም።

ከአሥር ሰዓት ተኩል በኋላ በሩ ተከፈተና ሠራተኞቹ መውጣት ጀመሩ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሃያ ብዙ አይርቅም። ሦስት አራት እየሆኑ፣ አንዳንዶቹ የሥራ ቱታቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ወደ አውቶቡሶቹና ወደ ባጃጆቹ ይሮጣሉ። ከቡና ሻጯ ሁለት የበቆሎ ቂጣ ገዝታ የምትጠብቅ ልጅ አጠገባችን ቆማ ነበር፤ የቀኝ እጇ አመልካች ጣት ጫፍ ላይ የመርፌ ጠባሳ አለ፤ ጥፍሩን ለሁለት ከፍሎ ያደገ ነጭ መስመር። እያየሁት መሆኑን አውቃ «ኦቨርሎክ ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት» ብላ ሳቀች። በዚያ ማሽን ላይ እስከ አሁን አለች። ስለዚህ የቆዩም አሉ።

ማታ እትዬ ቤት የሆነው ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ካየሁት ይበልጥብኛል። እትዬ ከግቢያቸው ጀርባ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሏቸው፤ ሦስቱንም ለፓርክ ሠራተኞች አከራይተዋል። በአንዱ ክፍል አራት ልጆች በ2,400 ብር ይኖራሉ፤ ለአንዷ 600 ብር ይደርሳታል ማለት ነው። ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ አራት ቦርሳዎች። ከመካከላቸው ትልቋ፣ ከሲዳማ ደጋማ ወረዳዎች የመጣች፣ ትርፍ ሰዓትና የምግብ ድጎማ ተጨምሮበት በወር 3,200 ብር ገደማ እንደምታገኝ ነገረችኝ። የቀኑን ምሳ ፋብሪካው ይችላል። እቁብ ገብታለች፤ ዕጣው በደረሳት ጊዜ ለአባቷ ሁለት በግ ገዝታ ልካለች። ደመወዙ ትንሽ ነው የሚለውን እንደማትክደው፣ ነገር ግን በስሟ የሚመጣ ገንዘብ ከዚህ በፊት አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም ወለሉ ገና አልተወሰነም። እትዬ ኪራይ ሳይጨምሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ብጨምር ይለቃሉ፤ እነሱ ከለቀቁ እኔም ሥራ ፈታሁ ማለት ነው» አሉኝ። የእሳቸውም ሥራ በማንም ቅጽ ላይ የለም።

ረቡዕ፣ የካቲት 5 — የዩኒፎርም ስፌቱ መዝገብ

ጠዋት እንደኛ ያሉ ኢንተርፕራይዞችን የሚደግፈውን የክፍለ ከተማውን ጽሕፈት ቤት ጎብኝተን፣ ግማሽ ቀን ከወሰደ ጥበቃ በኋላ አንድ ባለሙያ አብሮን ወጣ። ያሳየን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሼዶች ተዘግተው ነበር፤ ሦስተኛው ክፍት ቢሆንም የቆመ ማሽን ላይ አቧራ ያረፈበት የጣውላ ቤት ነው። ባለሙያው አፈረ፤ እኛም አብረን አፈርን፤ ከእኛ ሼድ ግራና ቀኝም ያው ነውና። የላሜራና አርኤችኤስ የሚባለው የብረት ቱቦ ዋጋ፣ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው የተዘጋ ሼድ አይቶ አይፈርድም። በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

አራተኛው ግን የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ነበር። ባለቤቷ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ በ1999 ዓ.ም. ከስድስት ሴቶች ጋር ተደራጅተው ከጀመሩት ውስጥ አሁን የቀሩት እሳቸውና አንዲት ጓደኛቸው ብቻ ናቸው። ግድግዳው ላይ የምስጋና ወረቀቶች በመስታወት ተሰቅለዋል፤ ከላይ እስከ ታች ላነበባቸው ሰው የዘርፉ ታሪክ እዚያው አለ። የታችኛው በጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ስም የተሰጠ ነው፤ በ1990 ዓ.ም. ስትራቴጂው ወጥቶ የፌዴራሉ ኤጀንሲ ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ የነበረው ስም ማለት ነው። ከእሱ በላይ የከተሞች የሥራ ዕድል ፈጠራና የምግብ ዋስትና የሚል አለ። አናቱ ላይ ያለው በ2014 ዓ.ም. ከተቋቋመው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ወዲህ የመጣው ስያሜ ነው። የክልሉም ስም እንዲሁ፣ ከታች ደቡብ፣ ከ2012 ዓ.ም. በኋላ ሲዳማ። እሳቸው «ስሙ አምስት ጊዜ ተቀይሯል፤ የእኔ የልብስ መስፊያ ግን ያው ነው» ብለው ጥግ ላይ የቆመችውን ጥቁር ሲንጀር አሳዩን።

ስለ ድጋፉ ስንጠይቃቸው አላማረሩም። የአዝራር ቀዳዳ ማሽኑን ያገኙት በኪራይ ግዥ ነው፤ 20 በመቶውን ቆጥበው ሲያቀርቡ የቀረውን 80 በመቶ አከራዩ ድርጅት ከፍሎ ማሽኑን ገዛላቸው፤ ዕዳው እስኪያልቅ ባለቤቱ አከራዩ ነበር፤ አልቋል። ሼዱም ጠቅሟቸዋል። በጣም የጠቀማቸው ግን ከአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር የተደረገው የገበያ ትስስር ነው፤ እሱ በተገኘበት ዓመት 14 ሠራተኛ ነበራቸው፤ ጨረታው ለሌላ በሄደበት ዓመት ወደ ስድስት ወረዱ። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገዝተው የትራስና የወለል መወልወያ ሥራ ለመጨመር ሞክረው ነበር፤ ጨርቁ ከቀረጥ ነፃ የገባ በመሆኑ ያለ ጉምሩክ ሥርዓት ከአጥር የማይወጣ ሆነባቸው፤ ፓርኩ ከሼዳቸው በባጃጅ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው።

እኔ ቅጹን ጠቀስሁባቸው። የእሳቸው ቅጽም ያው ነው፤ ቋሚ፣ ጊዜያዊ፣ ወንድ፣ ሴት፣ ድምር። ተነሥተው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር አንድ ባለ ጠንካራ ሽፋን ሰማያዊ መዝገብ አወጡ። ገጹ በማስመሪያ በአምስት ተከፍሏል፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የገባችበት ቀን፣ የወጣችበት ቀን፣ ምክንያት። የመጨረሻው ዓምድ ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ ነው። ከአራት ዓመት ወዲህ የተጻፉት 41 ስሞች ናቸው፤ የወጡበት ቀን ባዶ የሆነው ዘጠኝ ብቻ። ምክንያቶቹን ከላይ ወደ ታች አነበብሁ፤ ፓርክ ገባች፤ ፓርክ ገባች፤ አገባች፤ አረብ አገር፤ ታመመች፤ ፓርክ ገባች፤ ለወሊድ ሄዳ አልተመለሰችም፤ ጠባይ፤ ወንድሟ ሞቶ ወደ አገሯ፤ ፓርክ ገባች፤ ከፓርክ ተመለሰች። ይህ የመጨረሻው አዲስ ተራ ቁጥር አልተሰጠውም፤ ከድሮው ስሟ ጎን ቀስት ተሠርቶ ነው የተጻፈው። ሦስት ቦታ ላይ ደግሞ በአረንጓዴ ተሰምሮበታል፤ የራሷን ከፈተች። «እነዚህን ብቻ ነው የምኩራራባቸው» አሉኝ፤ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው።

አንድ ልማዳቸውን እዚህ ልጻፍ። አዲስ ልጅ ስትመጣ መዝገቡ ላይ የሚያስገቧት 60 የሥራ ቀን ከሞላት በኋላ ነው፤ አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከዚያ እንዳይበልጥ የሚለውን ይዘው። ከስልሳ ቀን በፊት የምትሄደውን አይቆጥሩም። ለጽሕፈት ቤቱ ግን በገባች ቀን መጠቆም ስላለባቸው፣ በሪፖርቱና በመዝገቡ መካከል ሁልጊዜ ልዩነት አለ፤ አብሮን የመጣው ባለሙያም ይህን ያውቃል። «እኔም የምጠየቀው ዕቅዴን በመቶኛ ስንት አሳካሁ ተብሎ ነው» አለኝ ስንወጣ። ሐቀኛ ልጅ ነው።

ሸሪኬ በዚህ ሁሉ መካከል የሼዱን የብረት በር ሲዳስስ ቆይቶ የታችኛው ማጠፊያ ብየዳው እንደለቀቀ አገኘ። ከጎረቤት የብየዳ ማሽን ለምኖ በሃያ ደቂቃ ሠራላቸው። ዋጋ ሲጠይቁት እምቢ አለ፤ እሳቸው ደግሞ ለልጁ የሚሆን የዩኒፎርም ሱሪ ሳያስይዙ አልለቅም አሉት። ቁጥሩ ለልጁ ሰፊ ነው፤ ይደርስበታል።

ሐሙስ፣ የካቲት 6 — ይርጋለም፣ ማታ ሐይቁ ዳር

በጠዋት በሚኒባስ 120 ብር ከፍለን ወደ ይርጋለም ወረድን። ቱላን ካለፉ በኋላ ያለው መንገድ እንደ አዳማ ዙሪያ የተራቆተ አይደለም፤ እያንዳንዱ ግቢ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው በላይ አቮካዶ አለው። አፖስቶ ላይ ወርደን ባጃጅ ያዝን። የይርጋለም የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተመረቁት አንዱ ሲሆን ከቡልቡላ፣ ከቡሬና ከባእከር ጋር ከአራቱ ቀዳሚዎች ይቆጠራል፤ ሐሳቡም ፋብሪካው ምርቱ ካለበት ዘንድ እንዲሄድ ነው፤ በየወረዳው ያሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ምርቱን ሰብስበው ያቀርባሉ፤ ከሚመረተውም ዋነኛው የአቮካዶ ዘይት ነው።

እኛ የሄድነው ፓርኩ ውስጥ አይደለም (ማኅተሙ አሁንም የለም)፤ አቮካዶ ከገበሬ ሰብስበው፣ ለይተው ለፋብሪካ በሚያስረክቡ ወጣቶች ማኅበር ዘንድ ነው። የዩኒፎርም ሰፊዋ ደውለውልን ነበርና እንደ ዘመድ ተቀበሉን። ግቢው ቆርቆሮ ዳስ ነው፤ መሬቱ ላይ ሸራ ተነጥፎ የአቮካዶ ክምር አለ፤ ክምሩን ከበው ሰባት ሴቶች ተቀምጠው ይለያሉ። አንዷ ሥራውን አስተማረችን። ፍሬው ጫፉ ላይ ቁራጭ እጀታ ሊኖረው ይገባል፤ እጀታው የተነቀለ በዚያ በኩል ይበሰብሳል። አንሥታ በጆሮዋ አጠገብ ትነቀንቀዋለች፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ዘር ከተንኳኳ ለመድረስ ተቃርቧል። ሐስ የሚባለው ዝርያ ሲበስል ወደ ጥቁር ሐምራዊ ስለሚለወጥ በዓይን ይለያል፤ አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረውን ግን በአውራ ጣት ከአንገቱ በኩል ጫን ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ትልልቁና እንከን የሌለው በፕላስቲክ ሳጥን ተደርድሮ ለገበያ ይሄዳል፤ ቅርጹ የተበላሸውና ትንንሹ ለዘይት ይሆናል። ሸሪኬ ሞክሮ ከአሥሩ አራቱን ሳተ፤ እኔ ስድስቱን። ለገበሬው በኪሎ 30 ብር እየከፈሉ ነበር የሚረከቡት፤ አዳማ ላይ እኛ በእጥፍ ነው የምንገዛው።

አቮካዶ ዓመቱን ሙሉ አይደርስም። ፍሬ በሌለበት ጊዜ ሴቶቹ ወደ ቡናቸውና ወደ እንሰታቸው ይመለሳሉ፤ ወቅቱ ሲመጣ እነዚያው ሴቶች እዚያው ሸራ ላይ ይቀመጣሉ። ያስተማረችን ሴት ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሊቀመንበሩ ሰነዱን አሳየኝ፤ ይህቺው ሴት በ2015 አንድ ጊዜያዊ፣ በ2016 አንድ ጊዜያዊ፣ በ2017 አንድ ጊዜያዊ ሆና ተመዝግባለች። በድምሩ ሦስት የሥራ ዕድል። በአራት ወሩ ከፓርክ የወጣው የሻሸመኔው ልጅ ደግሞ አንድ ቋሚ ነው። ቅጹን ይዤ ሸራው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ሊቀመንበሩ የደከመኝ መስሎት ውኃ አስመጣልኝ።

ለእሷ ይህን ስነግራት አልገረማትም። «ጊዜያዊ ቢሉኝ ምን ቸገረኝ፤ አቮካዶው ተመልሶ ይመጣል» አለች። ከማኅበሩ ያገኘችውን የዓምናውን ገንዘብ ጣሪያዋን ቆርቆሮ አልብሳበታለች፤ ቤቷ ከመንገዱ ይታያል፤ አሳየችን። ስጋቷ ሌላ ነው፤ ፋብሪካው የመብራት መቆራረጥ ሲገጥመው ርክክብ ያቆማል፤ አቮካዶ ደግሞ አይጠብቅም፤ ዓምና አንድ ሳምንት ሙሉ የተለቀመ ፍሬ ከዚያው ሸራ ላይ ተነሥቶ ለከብት ሄዷል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐዋሳ ተመለስን፤ በቀጥታ ወደ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ። ለሁለት ሰው የተጠበሰ ቆሮሶ በ500፣ ሁለት የዓሣ ሾርባ በ120 ብር። ዳጣው እንባ ያስፈስሳል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ተቆጣጣሪ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይመላለሱ ይመስል በመካከላችን ይዘዋወራሉ፤ አንዱ የሸሪኬን የዓሣ ጭንቅላት ከሳህኑ ላይ ወስዶበታል። አዳማ ላይ ዓሣ በዚህ ዋጋ የሚገኘው በሕልም ነው። እትዬ ማታ ይህን ሰምተው «እኔ ቤት ሳይበሉ» ብለው ተቀየሙን፤ ቅያሜው የበረደው ቅቤ የጠገበ ቡርሳሜ በሸክላ ቀርቦ፣ ሁለታችንም ሳናስተርፍ ከጨረስነው በኋላ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 7 — ወደ አዳማ

ከመነሣታችን በፊት ፒያሳ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለ ጠንካራ ሽፋን መዝገብ በ280 ብር ገዛሁ። መንገዱ ሰላም ነበር። አዳማ ስንገባ ነፋሱ እንደ ወትሮው አቧራውን ይዞ ተቀበለን።

ሼድ ስንደርስ የሰባት ወር ሪፖርት ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ይጠብቀኝ ነበር፤ እስከ ሰኞ እንዲደርስ ተብሏል። እሱን ትቼ መዝገቡን በማስመሪያ በአምስት ከፈልሁት። ሠላሳ አራቱ ሰዎች የት እንዳሉ ሸሪኬና እኔ እያስታወስን ለመጻፍ ሞከርን፤ ሃያ ሰባቱን አገኘናቸው፤ ሰባቱን ማን እንደነበሩ እንኳ አላስታወስንም፤ ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ ነው ስማቸውን ያወጣሁት። ሁለቱ የራሳቸውን ከፍተዋል፤ አረንጓዴ እስክሪብቶ ስላልነበረ በእርሳስ አሰመርሁበት።

በመጨረሻ የቀሩትን ስጽፍ ጥበቃችን ጋሼ ሻይ ይዘው ገቡ። ሼዱ ለእኛ ከመሰጠቱ በፊት፣ ከእኛ በፊት ለነበሩትም ሲጠብቁ የነበሩ ናቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የገቡት እኛ ከመደራጀታችን በፊት ስለሆነ በአንዱም ሪፖርት ላይ ሞልቻቸው አላውቅም። ስማቸውን ከነአያት ጠየቅኋቸውና በተራ ቁጥር አንድ ላይ ጻፍሁ። መነጽር ስለሌላቸው ራቅ አድርገው አዩትና «ለእኔም ተፈጠረልኝ ማለት ነው?» አሉ። ከዚያ የሻዩን ሒሳብ ጠየቁኝ፤ ለሁለት ስኒ 30 ብር።